«ሚጎቹ ባይደርሱልን ኖሮ…» እና ሌሎች ስለ ኢትዮጵያ አየር ኃይል የሚወሩ ስህተቶች

የካቲት 26 በመጣ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ በ1970 ጅጅጋ አጠገብ በሶማሊያ ጦር ላይ የተገኘውን የካራማራን ድል ያነሳል፤ ሌላው ቀበል አድርጎ «እሱማ ሶቪየቶች ሚግ ተዋጊ ጄት ባይሰጡን፣ ኩባዎች ባይበሩልን ኖሮ የት ይገኝ ነበር!» ይላል፤ የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ስለ ምድሩ ውጊያ ከሆነ አባባሉ እውነትነት አለው። ስለ ሰማዩ ከሆነ ግን የቀን መቁጠሪያ ያላገላበጠ ሰው ንግግር ነው። በሰፊው እመለስበታለሁ፤ አብረውት የሚዞሩትን ትንንሾቹን መጀመሪያ ላራግፍ። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

«ሐረር ሜዳ ሐረር ነው ያለው»

ቢሾፍቱ ነው ያለው፤ በድሮ ስሟ ደብረ ዘይት፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። የአየር ኃይሉ ዋና ሰፈር እሱ ነው። «ጄቶቹ ከሐረር ሜዳ ተነሱ» የሚል መስመር አንብቦ ከሐረር ጅጅጋ ያለውን ርቀት የሚያሰላ ሰው ሒሳቡ ሁሉ ይበላሽበታል፤ ከቢሾፍቱ ጅጅጋ በአየር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ ርቀት ኋላ ላይ ቁም ነገር ይሆናል።

«አየር ኃይሉና አየር መንገዱ አንድ መሥሪያ ቤት ነበሩ»

አልነበሩም። አየር መንገዱ በ1938 ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ውል የቆመ የንግድ ድርጅት ነው። ከአየር ኃይል ወጥተው አየር መንገድ የገቡ በራሪዎችና ቴክኒሺያኖች ብዙ ስለሆኑ ነው ሰው የሚያቀላቅለው።

«ኢትዮጵያ አውሮፕላን ያየችው ጣልያን ሲመጣ ነው»

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው፤ ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት፣ ከጅቡቲ አንድሬ ማዬ እያበረረው። ወዲያው ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ተከተለው። ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ ኢትዮጵያውያኑ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ብቻቸውን መብረር ችለዋል። ጣልያን የገባው ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው።

«ፀሐይ በኢትዮጵያ የተነደፈች ተዋጊ አውሮፕላን ናት»

በጥር 2016 ከጣልያን ከተመለሰች ወዲህ የገነነ ነው። ፀሐይ በ1928 በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት፣ በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ እዚሁ የተሠራች ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ናት። ሞተሯ ዋልተር ቬኑስ የሚባል ሆኖ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ዛሬ አንድ የቤት መኪና የሚያወጣው ጉልበት ነው። ፍጥነቷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚህ ጉልበት ሰው ማሠልጠንና መልእክት ማድረስ ይቻላል፤ መዋጋት አይቻልም። ወረራ አፋፍ ላይ በቆመ አገር አውሮፕላን መሠራቱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ ተዋጊ ብሎ መደረብ አያስፈልገውም።

«ጆን ሮቢንሰን የጣልያንን አውሮፕላኖች በአየር ላይ ተዋግቷል»

ጥቁር አሜሪካዊው ሮቢንሰን በ1927 መጥቶ የኮሎኔልነት ማዕረግና የአየር ኃይሉ ኃላፊነት ተሰጠው። በእጁ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው አውሮፕላኖች ናቸው፤ ጣልያን ያሰለፈው በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። ሥራው በአዲስ አበባና በጦር ግንባር መካከል መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር። ያለ መሣሪያ የታጠቀ ጠላት ባለበት ሰማይ ተመላልሶ መኖር፣ በገደልና በደመና ተከልሎ ማምለጥ ነበር ጀግንነቱ። እሱን «አሥር አውሮፕላን ጣለ» ብሎ ማሳመር ያደረገውን ነገር መደበቅ ነው። በ1936 ተመልሶ መጥቶ የመጀመሪያዎቹን ዕጩ በራሪዎች አሠለጠነ፤ በ1946 አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ አረፈ።

ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘንም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይለጠፋል። በ1928 የበረረው ለቀይ መስቀል ነው፤ በአምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። ለአየር ኃይሉ ትልቁ ውለታው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ከ1938 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ገደማ ቢሾፍቱ ላይ ትምህርት ቤቱን አቆመ፣ ሳብ ሳፊር ማሠልጠኛዎችንና ሳብ-17 ቦምብ ጣዮችን አስገባ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 በ67 ዓመቱ ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ። በዚያን ጊዜም የነበረው በእርዳታ ሥራ ላይ ነው።

«አየር ኃይሉ ከድንበር ወጥቶ አያውቅም»

በ1954 አራት ኤፍ-86 ሴበር ጄቶች ለተባበሩት መንግሥታት ኮንጎ ዘምተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ተገንጣዩ የካታንጋ ኃይል አንዲት ፉጋ ማዢስተር የምትባል ማሠልጠኛ ጄት አስታጥቆ፣ ተዋጊ አውሮፕላን ያልነበረውን የተባበሩት መንግሥታት ጦር መግቢያ አሳጥቶት ነበር። ከኢትዮጵያ ሴበሮች ጋር የስዊድን ሳብ-29 እና የሕንድ ካንቤራ ተሰለፉ።

«በ1969 ሰማዩን ያስከበሩልን የሶቪየት ሚጎችና የኩባ በራሪዎች ናቸው»

አሁን ወደ ዋናው። ይህን የሚሉ ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ የሁለት ጦርነቶችን ታሪክ በአንድ ጆንያ ከትተውት ነው። ያየርና የምድሩ ውጊያ በተለያየ ጊዜ ነው የተቋጨው። የቀኖቹን ቅደም ተከተል ብቻ ይመልከቱ።

ሚያዝያ 1969 ደርግ የአሜሪካንን ወታደራዊ አማካሪዎች ቢሮና አሥመራ የነበረውን የአሜሪካ የመገናኛ ጣቢያ ቃኘውን ዘጋ፤ የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታም ተቋረጠ። ሐምሌ 1969 የሶማሊያ መደበኛ ጦር ገባ። ነሐሴ 11 ድሬዳዋ ላይ ያደረገው ማጥቃት ከሸፈ። መስከረም 2 ቀን 1970 ጅጅጋ ወደቀች። ጥቅምት ላይ ሶቪየቶች ለሶማሊያ መሣሪያ መላክ አቆሙ። ኅዳር 4 የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረ። የሶቪየት ግዙፍ የአየር ማጓጓዝ ዘመቻ የተጀመረው ከዚህ በኋላ፣ ኅዳር ከተጋመሰ ወዲህ ነው። የኩባ ጦር በብዛት የገባው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። መልሶ ማጥቃቱ የካቲት፣ ካራማራና ጅጅጋ የካቲት 26።

የአየር ላይ ውጊያው የተካሄደው ሐምሌና ነሐሴ ነው። መስከረም ሲገባ የሶማሊያ ጄቶች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ መታየታቸው ብርቅ ሆኖ ነበር። ያንን ሥራ የሠሩት በጣት የሚቆጠሩ አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5ኢ ጄቶች፣ ከእነሱ ጋር የቆዩት የቀድሞዎቹ ኤፍ-5ኤዎች፣ አሜሪካ ተልከው የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን በራሪዎችና ቢሾፍቱ የሠለጠኑ ቴክኒሺያኖች ናቸው። የሚግ ሳጥን ገና አልተከፈተም። ኩባዊ በራሪም አልደረሰም። በአየር ውጊያውና በእነሱ መምጣት መካከል ሦስት ወር ገደማ አለ። ሦስት ወር ደግሞ በጦርነት ብዙ ነው።

አንዳንዱ እዚህ ጋ ሲደርስ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይዘላል፦ «እንግዲያው አየር ኃይሉ ብቻውን ጦርነቱን አሸንፏል!» እሱም አይሆንም። ከላይ ያለውን እንደገና ያንብቡት፤ ጅጅጋ የወደቀችው የአየር የበላይነቱ በኢትዮጵያ እጅ ከገባ በኋላ ነው። ካራማራ ላይ የነበረው ራዳርም አብሮ ሄደ። የአየር የበላይነት ማለት የጠላት አውሮፕላን ወገንን አይመታም፣ የወገን አውሮፕላን ግን የጠላትን ስንቅና ነዳጅ ጫኝ መኪና በመንገድ ላይ ይመታል ማለት ነው። ጠላት እየራቀ በሄደ ቁጥር የስንቅ መስመሩ ይረዝማል፣ ይሳሳል፤ ሐረርና ድሬዳዋ እስኪደረስላቸው እንዲቆሙ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ምሽግ ውስጥ ገብቶ መሬት የሚይዘው ግን እግረኛ ነው። ጄት ኮረብታ አይይዝም።

«ኤፍ-5 ለድሃ አገር የተሠራ ነው፤ ሚግ-21 ይበልጠዋል»

ይህ የዋናው ስህተት መንትያ ነው። ሰው ሠንጠረዥ ያያል፤ ሚግ-21ኤምኤፍ ከድምፅ 2 እጥፍ ይፈጥናል፣ ኤፍ-5ኢ 1.6። ፈረደ። የሁለቱ ፈጣኑ አሸናፊ ነው ብሎ ያስባል።

በዚያ ፍጥነት የሚዋጋ የለም። ከድምፅ 2 እጥፍ የሚደረሰው በቀጥታ መስመር፣ በጣም ከፍ ብሎ፣ አፍተርበርነር (ሞተሩ ጭራ ላይ ተጨማሪ ነዳጅ የሚያቃጥለው ክፍል) ተከፍቶ ነዳጅ እንደ ውኃ እየፈሰሰ ነው። የሁለት ጄቶች መጠማዘዝ በተጀመረ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሁለቱም ከድምፅ ፍጥነት በታች ወርደዋል። እዚያ የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ፍጥነት ሳያጡ መታጠፍ፣ ከኋላ የሚመጣውን ማየት፣ የመተኮሻ ጊዜ ማግኘት።

ሚግ-21 ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፍ ነው። አንዴ ጠበቅ አድርጎ ይታጠፋል፤ ግን በታጠፈ ቁጥር ፍጥነቱ ይሟጠጣል፣ መልሶ ለማግኘት አፍንጫውን ወደ ታች መድፋት አለበት። በራሪው ከኋላው ያለውን የሚያየው በጠባብ ፔሪስኮፕ ነው። የኤፍ-5ኢ ክንፍ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት የፊት ጠርዝ ወደ ፊት የተዘረጋ ስለሆነ ጠባብ መዞሪያ ላይ አየሩን ይዞ ይቆያል፤ መስኮቱም ሰፋ ያለ እይታ ይሰጣል።

ከዚያ መድፍ። ኤፍ-5ኢ አፍንጫው ውስጥ ሁለት 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ ለእያንዳንዳቸው 280 ጥይት። መድፉ በደቂቃ 1,500 ስለሚተኩስ የመተኮሻ ጊዜው 11 ሰከንድ ገደማ ነው። የሚግ-21ኤምኤፍ ባለ ሁለት አፍ 23 ሚሊ ሜትር መድፍ 200 ጥይት ይዞ በደቂቃ ከ3,000 በላይ ይተኩሳል፤ ቢበዛ 4 ሰከንድ። ጥይቱ ይከብዳል፣ ያገኘውን ያፈርሳል፣ ግን በአንድ በረራ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ጣትህን የምታሳርፈው።

ሚሳይሉን በተመለከተ አስቂኝ ነገር አለ። የአሜሪካው ሳይድዋይንደርና የሶቪየቱ አር-3ኤስ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ታይዋን ሰርጥ ላይ አንድ ሳይድዋይንደር ሳይፈነዳ በቻይና ሚግ-17 ላይ ተሰክቶ ቀረ፤ ሶቪየቶች ያንን ፈታትተው ነው የራሳቸውን የሠሩት። የዚያ ዘመን ሁለቱም ሚሳይሎች የሚያዩት የሞተር ጭራ ሙቀት ብቻ ነው። ከፊት ለፊት ቢተኮሱ ዋጋ የላቸውም። ፀሐይ አጠገብ ወይም የጋለ መሬት ላይ ሲጠቆሙ ይታለላሉ። ስለዚህ ማን ከማን ኋላ ገባ የሚለው ሁሉን ይወስናል፤ እሱ ደግሞ የሚመጣው ከሥልጠና ነው።

ሥልጠናው ላይ አሜሪካኖቹ ያደረጉት የራሱ ታሪክ አለው። ሚግ-21ን እንዴት እንደሚዋጉ የራሳቸውን በራሪዎች ሊያስተምሩ ሲፈልጉ፣ ኔቫዳ ባለው የኔሊስ አየር ኃይል ሰፈር የጠላትን ሚና እንዲጫወት የመረጡት ኤፍ-5ኢን ነው፤ በመጠንም በጠባይም ስለሚቀርበው። ሶቪየቶችም በበኩላቸው ከደቡብ ቬትናም የተማረከ ኤፍ-5ኢ ወስደው ከሚግ-21ቢስ ጋር አፋልመውታል። ቢስ ከሶማሊያው ኤምኤፍ የሚሻል አዲስ ሥሪት ነው። ቅርብ ለቅርብ በነበረው ውጊያ ያሸነፈው ኤፍ-5ኢ ነው። «ሚግ ይበልጣል» የሚለውን የሚግ ባለቤቶች ራሳቸው አላሉትም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሶቪየት ዘዴ በራሪውን ከምድር ራዳር በሬዲዮ እየመራ ጠላት ጭራ ላይ ማድረስ ነው። መሪው ጥሩ ሲሆን ይሠራል። መሪው ሲሳሳት ወይም ሬዲዮው ሲረበሽ በራሪው ምን እንደሚያደርግ ብዙ አልተለማመደም። የአሜሪካው ሥልጠና ጥንድ ጥንድ ሆኖ አንዱ ሲያጠቃ ሌላው ጀርባውን እየጠበቀ፣ ውሳኔውን አየር ላይ መስጠትን ያስተምራል።

«አየር ኃይል ማለት በራሪ ነው»

በራሪው የመጨረሻው ሰው ነው። ኤፍ-5ን በሁለተኛው ቀን መልሶ የሚያስነሳው ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ስለ 1969 ማውራት ይከብደዋል፤ ስለዚህ በዝርዝር።

ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል በ17 በመቶ ይሳሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። የሳሳ አየር ሞተሩ የሚገፋበትን ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚያነሳውን ይቀንሳል፤ ጄቱ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ውጤቱ፣ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ቦምብ አንድ ላይ መጫን አይቻልም፤ ከአንዱ መቀነስ ነው። ጅጅጋ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃለች። ድሬዳዋ ግን ዝቅ ብላ 1,160 ሜትር ላይ ናት፤ ለጅጅጋም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሶማሊያው የሐርጌሳ ሰፈር ድሬዳዋ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ የተቀመጠ ኤፍ-5 ጅጅጋ ሰማይ ላይ ቆይቶ ለመጠማዘዝ ነዳጅ ይተርፈዋል፤ ከሐርጌሳ ድሬዳዋ ድረስ የመጣ ሚግ ግን አፍተርበርነር በከፈተ ቁጥር የመመለሻውን ነዳጅ እያሰላ ነው። ካርታው ላይ ማስመሪያ ብቻ ይበቃል ይህን ለማየት።

አሁን አንድ ኤፍ-5 አረፈ እንበል። ከውጭ የተንጠለጠሉትን ታንኮች ሳይጨምር 2,500 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይቀዳለታል። የአፍንጫው ክዳኖች ተከፍተው የጥይቱ ሰንሰለት በእጅ ይገባል፤ አንዲት ማያያዣ ብትጣመም መድፉ አየር ላይ ይነክሳል፣ ያን ጊዜ የሚያላቅቀው የለም። ሚሳይሉ በክንፍ ጫፍ ይሰካል፤ ከፊቱ ያለችው የመስታወት ዓይን አቧራ ወይም ጭረት ካለባት ሙቀት አትለይም፣ ሽፋኗም ጄቱ ከመነሳቱ በፊት መውለቅ አለበት። ጎማው ይታያል፤ የጄት ጎማ በፍጥነት ነው የሚያልቀው። የሞተር ዘይት ይለካል።

ከዚያ ማስነሳት። ኤፍ-5 በራሱ አይነሳም። ከውጭ በቱቦ አየር የሚነፋለት ጋሪ ያስፈልገዋል፤ አየሩ ሞተሩን ያሽከረክራል፣ ከዚያ ነው እሳት የሚይዘው። ጋሪው ከተበላሸ ወይም ነዳጅ ካለቀበት ሁሉም ነገር የተሟላለት ጄት እዚያው ይቆማል። ሰው ስለ ሚሳይል ሲያወራ ስለዚህች ጋሪ የሚያነሳ አላጋጠመኝም።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ግን ጠጠር ነው። የኤፍ-5 ሞተር ትንሽ ነው፣ 310 ኪሎ ገደማ፤ ቢላዎቹም ትንንሽና ቀጫጭን ናቸው። አንድ ብሎን ወይም አንድ ጠጠር ከገባ ቢላ ይሸርፋል፣ የተሸረፈው ቀጣዩን ይመታል፣ ሞተሩ ይወድቃል። እንደ ድሬዳዋ ባለ አቧራማ ሰፈር መንደርደሪያውን በሰልፍ እየሄዱ መልቀም፣ ማቆሚያውን መጥረግ፣ የመሣሪያ ሳጥን ከሥራ በፊትና በኋላ መቁጠር የግድ ነው። ሞተር መቀየር ካስፈለገ የአውሮፕላኑ የኋላ ክፍል ለብቻው ተፈትቶ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ሞተሩ ይሳባል። ይህ ኤፍ-5ን «የድሃ አገር» ያሰኘው ቀላልነት ነው፣ ያዳነውም እሱ ነው። አቅራቢው አገር በሩን በዘጋበት ወቅት ውስብስብ አውሮፕላን ቢሆን ኖሮ ቁሞ ይቀር ነበር። ከቆመው ነቅሎ ለሚበረው መግጠም የሚቻለው ነቅሎ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በአንድ ዓመት አይሠለጥንም።

«እገሌ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሚግ ጣለ»

ስለ ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ የሚጻፈውን አይታችሁ ይሆናል፤ ቁጥሩ በጻፈው ሰው ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙ ሚግ መጣሉ፣ ከምድር ተመትቶ መማረኩ፣ ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት መቆየቱና በእስረኞች ልውውጥ መመለሱ የታወቀ ነው። ቁጥሩን ማጋነን ለሱ ክብር የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ።

የወደቀ አውሮፕላን ቁጥር በየትኛውም ጦርነት ይጋነናል፤ ምክንያቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። የተመታ ጄት ጭስ እየተፋ ወደ ታች ሲያጥፍ «ወደቀ» ይባላል፤ አንዳንዱ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ሰፈሩ ይደርሳል። አንዱን ጄት ሁለት ሰው ተኩሶበት ሁለቱም በየፊናቸው ያስመዘግባሉ። ከምድር የፀረ አውሮፕላን ተኳሹም «የእኔ ነው» ይላል። ስለዚህ ቁጥር ሲነገራችሁ አራት ነገር ጠይቁ፤ የመተኮሻ ካሜራው ፊልም አለ ወይ? ስብርባሪውና ቁጥሩ ተገኝቷል ወይ? ያየ ሌላ በራሪ ወይም የምድር ወታደር አለ ወይ? የተመታው ወገን በዚያ ቀን አውሮፕላን አጥቻለሁ ብሏል ወይ? ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ ካልተሟሉ ቁጥሩን አትድገሙት። ይህ ለሶማሊያ በኩል ለሚነገረውም ይሠራል።

«እንግዲያው ሶቪየትና ኩባ ምንም አላደረጉም»

ይህኛው በቅርቡ የመጣ ነው፤ ለመጀመሪያው ስህተት አጸፋ መሆኑ ነው። የሶቪየት የአየር ማጓጓዝ 200 በሚዘልቁ አንቶኖቭ-22ና ኢሊዩሺን-76 አውሮፕላኖች ታንክ፣ መድፍና ጥይት አራግፏል። የመልሶ ማጥቃቱን ዕቅድ ያወጣው በሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ የሚመራ ቡድን ነው። ካራማራን ፊት ለፊት ከመግጨት ይልቅ ኤምአይ-6 የተባሉት ግዙፍ ሄሊኮፕተሮች ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ከሶማሊያ ጦር ጀርባ አውርደዋል። የኩባ በራሪዎችም በሚግ የምድር ጦሩን ደግፈዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ግን የሶማሊያ አየር ኃይል ሊያስቆመው በማይችልበት ሰማይ ሥር ነው። ግዙፍ ማጓጓዣ አውሮፕላን በየሰዓቱ የሚያርፈው፣ ሄሊኮፕተር ታንክ መሰል ብረት ጭኖ ተራራ የሚሻገረው ጠላት ተዋጊ ጄት በማያሰማራበት ቦታ ነው። ያ ሁኔታ ከየት መጣ? ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተመለሱ።

«በራሪ በራሪ ነው፤ ሚግ ሲመጣ ወዲያው ገብቶ በረረ»

ከኤፍ-5 ወደ ሚግ መሸጋገር ከመኪና ወደ መኪና እንደ መቀየር የሚታየው ከውጭ ላለ ሰው ነው። የአሜሪካው መለኪያ ጫማና ኖት ነው፤ የሶቪየቱ ሜትርና ኪሎ ሜትር በሰዓት። በዓይኑ 3,000 አይቶ ጫማ ነው ብሎ የሚያስብ ሰውና ሜትር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው መካከል ተራራ አለ። ጽሑፉ ሁሉ በሩሲያኛ ነው። ደመና ውስጥ የሚመራው ሰው ሠራሽ አድማስም ይለያል፤ በአሜሪካው አውሮፕላን ሲያጋድል የምትንቀሳቀሰው የአድማስ መስመር ናት፣ በሶቪየቱ ደግሞ አድማሱ ቁሞ የአውሮፕላኗ ምልክት ታጋድላለች። በራሪው ሲደነግጥ እጁ የሚሠራው የለመደውን ነው፤ ወደ ቀኝ ያጋደለውን ወደ ቀኝ ይጨምርለታል።

መሬት ላይ እንኳ ችግር አለ። ኤፍ-5 ላይ ፍሬኑ በእግር ይረገጣል፣ የፊት ጎማውም ይመራል። ሚግ-21 ላይ ፍሬኑ በመሪው ዘንግ ላይ ያለች የምትጨበጥ ማንሻ ናት፤ በታመቀ አየር ነው የምትሠራው፣ የፊት ጎማው ልቅ ስለሆነ የሚታጠፈው ማንሻዋን ጨብጦ አንዱን ፔዳል ወደ ፊት በመግፋት ነው፤ ያኔ የአንዱ ጎን ጎማ ብቻ ይያዛል። አንድ ሺህ ሰዓት የበረረ ሰው መጀመሪያ ቀን ከማቆሚያው ሲወጣ ዚግዛግ ይሠራል። ቴክኒሺያኑም ቁልፉን፣ ዘይቱን፣ መጽሐፉን ሁሉ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የኢንች ቁልፍ የሚሊ ሜትር ብሎን አይፈታም። በራሪዎችና ቴክኒሺያኖች ለዚህ ነው ወደ ሶቪየት ኅብረት ለሥልጠና የተላኩት፤ በክፍተቱ ጊዜ የኩባ በራሪዎች ሚጎቹ ላይ መቀመጣቸውም፣ ኤፍ-5ዎቹ ከሚጎቹ ጎን ማገልገላቸውን መቀጠላቸውም ለዚሁ ነው።